ለሻይ ምትክ አልተጻፈም

አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣሻል ብትባል፣ ሀረገወይን መጀመሪያ የምትጠራው ውሃውን ነው። አምስት ቢጫ ጀሪካን፤ ባጃጅ ሲገኝ በብር፣ ባጃጅ ሲጠፋ በወገቧ። ከዚያ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር፣ ሁለት ጣሳ ከሰል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ለቦምቦሊኖው ዱቄትና ዘይት። ይህ ሁሉ ከሽያጩ ላይ ሲነሳ የሚተርፈው ለልጇ ደብተርና ለማታ ሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። እሷ ግን ብሩን ወጪ አትለውም። ወጪ የምትለው መነሳቱን ነው። አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከበርጩማዋ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ልቁጠር ብላ ጀመረች። መቶ አርባ ላይ ስትደርስ ገና እኩለ ቀን አልሆነም ነበር፤ የቡሬው ሚኒባስ ሾፌር ጉቱ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ ሀረግ፣ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው ወይስ እኔን መስደብ?» ሲላት ቁጥሩ ጠፋባት። ሰው ሲቀመጥ እሷ ትነሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ቦታዋ መቱ መናኸሪያ አጥር ጥግ፣ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረባት ጎጆ ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሻይ ስታፈላ፣ ሰው በምን እንደሚያርፍ ከፊቱ ማንበብ ለምዳለች። ጉቱ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው፤ ያን ጊዜ ረዳቱ «ሞልቷል፣ እንሂድ» ቢለውም አይሰማም። ጋሼ ዲበኩሉ፣ ከግብርና ጡረታ የወጡት የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና ሻዩን ወደ ሳህን እየገለበጡ ያበርዱታል፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ የሀገር ወሬ ቢመጣም አይመልሱም። ኢክላስ፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤቷ፣ የቀትር ሰላቷን ሰግዳ ትመጣና ጫማዋን ጥላ፣ በአራት ማንኪያ ስኳር ያበደ ብርጭቆዋን ይዛ ዱቄት ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ሀረገወይን «ስኳር ይገድልሻል» ስትላት፣ «ሱቅ ከሚገድለኝ ስኳር ይግደለኝ» ትላለች።

ሀረገወይንም የራሷ ነበራት። የቀትር መኪኖች ወጥተው፣ የቢሮና የትምህርት ቤት ሰው ገና ሳይለቀቅ፣ አስር ሰዓት ላይ አንዲት ሩብ ሰዓት ትተርፋለች። ያን ጊዜ በርጩማዋን ታዞራለች፤ ጀርባዋን ለመንገዱ፣ ፊቷን ለአጥሩ ቆርቆሮ። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ስኳር ሳትጨምር፣ መጀመሪያ እንፋሎቱን በዓይኗ ትቀበላለች፤ በከሰል ጭስ የዋለ ዓይን በእንፋሎት ሲታጠብ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያው በጭስ የዋለ ነው። ዝናብ ከሆነ፣ መቱ ደግሞ ዝናብ አይጠፋትም፣ ሸራው ላይ ሲወርድ ትሰማለች። ማንንም አታስብም። ደንበኞቿም ያውቃሉ። «ሀረግ ዞራለች» ይባባሉና ራሳቸው ቀድተው፣ ብሩን ከትሪው ስር አስቀምጠው ይሄዳሉ። ያቺ ሩብ ሰዓት ባትኖር ኖሮ ዐሥራ አንዱን ዓመት አልዘልቀውም ነበር ትላለች።

አልፎ አልፎ ያችን ሰዓት የሚካፈላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባሏ ማርቆስ። አናጢ ነው፣ የዳሪሙ ልጅ። ሥራ ቀደም ብሎ ካለቀለት መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ብርጭቆዋ ሲጎድል በራዱን አንስቶ ይጨምርላታል። ለመቱ ሰው ሁሉ የምትቀዳ ሴት፣ ለእሷ የሚቀዳላት እሱ ብቻ ነበር።

እድሩ ውስጥ ወደ ሻይ ሥራ የገባችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የሰፈሩ እድር ክርስቲያኑንም እስላሙንም ያቀፈ ነው፤ ሞት ሲመጣ ሴቶቹ በተራ ይሠራሉ። በአንድ ለቅሶ ቤት ተረኞቹ ያፈሉት ሻይ እንደ ሬት መረረ፤ ከበደሌ የመጡ እንግዶች አንዴ ቀምሰው ብርጭቆውን መሬት አኖሩት። እድሩ አፈረ። በማግስቱ ጋሼ ዲበኩሉ ጎጆዋ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ በተራ አይሆንም። ሻዩን ላንቺ እንስጥሽ። ሌላውን ሥራ በሙሉ እናነሳልሻለን፤ ውሃ መቅዳት የለ፣ ንፍሮ የለ፣ እቃ ማጠብ የለ።»

ደስ አላት። ሰው ሙያዋን አይቶ ደጇ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። የሥራ ድልድሉ በወረቀት ተጽፎ የእድሩ እቃ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። ውሃ ቀጂ እገሊት፣ ምትክ እገሊት። ንፍሮ እገሊት፣ ምትክ እገሊት። ለወንበር ደርዳሪዎቹ እንኳ ምትክ ተጽፏል። ከሁሉ በታች «ሻይ፦ ሀረገወይን» ይልና ጎኑ ባዶ ነው። የእቃ ቤቱ ቁልፍም፣ ብርጭቆዎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነውና፣ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ማታ ለማርቆስ ስትነግረው ሳቀባት።

«ሹመት ነዋ። ደሞዙስ?»

«አትቅና። ያንተ ስም በየትኛው በር ላይ ተለጥፏል?»

«በር የምሠራው እኔ፣ ስሙ የሚለጠፈው ያንቺ» አላት።

ጎኑ ባዶ መሆኑን ያን ጊዜ እሷም አላየችውም፣ እሱም፣ ጸሐፊውም። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ቤት ሞት ሊገባ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሰባት ዓመት ስንቱን ሸኘች። ጥሩንባው በተነፋ ቁጥር ጎጆዋን ለልጇ ለእድላዊት ወይም ለኢክላስ አደራ ብላ ትሄዳለች። ድንኳኑ ጓሮ፣ ትልቁን በራድ በሦስት ድንጋይ ላይ ጥዳ፣ ቅርንፉዱን ወቅጣ፣ ሻይ ቅጠሉን በእፍኟ ትመጥናለች። አልቅሶ ለደከመ ሰው ሻይ ምን እንደሚያደርግ ያየች ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ እጁ መንቀጥቀጡን ይተዋል፣ ከዚያ ትከሻው ይወርዳል፣ ከዚያ ስለ ሟቹ አንድ የሚያስቅ ነገር ይናገራል። እሷ ይህን ከበራዱ ጀርባ ሆና ታያለች። ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ግን አታውቅም። ቅር አላላትም። የራሴ ቀን ሲመጣ እኔም እቀመጣለሁ ብላ ነበር የምታስበው።

ማርቆስ ባለፈው ግንቦት ሞተ። ኩላሊቱን ነው ተባለ፤ ሦስት ወር ታሞ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ጥሩንባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ቤቷ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰልስቱ እስኪያልፍ፣ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ፍራሽ ላይ ሳትነሳ ባሏን ማልቀስ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሦስት ቀን ብዙ አይደለም።

ገና አስከሬኑ ሳይወጣ ጋሼ ዲበኩሉ ባርኔጣቸውን ይዘው አጎንብሰው ገቡ።

«ሀረግ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ቁልፉን ግን... የት አደረግሽው?»

ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። ቁልፉ ሲወጣ ቀለል ያላት መሰላት።

ከቀብር ሲመለሱ አንዲት ተረኛ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ስር፣ «እቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ለትልቁ በራድ ስንት እፍኝ ነው?» አለቻት። «አምስት» አለች። ትንሽ ቆይታ ሌላዋ፤ «ቅርንፉዱን ከቅጠሉ ጋር ነው ወይስ ቀድመን?» «ቀድማችሁ።» ሦስተኛዋ መጥታ ስኳሩ የት እንዳለ ጠየቀች። በየመሀሉ ልቅሶዋን ታቋርጥና መልስ ትሰጣለች፤ መልሳ ስትጀምረው ከየት እንዳቆመች ታጣዋለች።

ከዚያ ሻዩ ቀረበ። ጭስ ጭስ ይሸታል። ከበሩ አጠገብ ከተቀመጡት አንዱ፣ እንዳትሰማ ብሎ፣ ግን እንድትሰማው ሆኖ፣ «በገዛ ቤቷ እንዲህ ይሁን?» አለ። ሌላው፣ «ማርቆስ እንኳ ቢቀምሰው ይነሳ ነበር» ብሎ ጥቂት ሰው ፈገግ አሰኘ።

ተነሳች። ኢክላስ አጠገቧ ነበረች፤ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«ተቀመጪ ሀረግ። ጭስም ቢሸት ይጠጡት፤ ሠርግ አልመጡም።»

«አንዴ ብቻ። አሳይቻቸው እመለሳለሁ።»

«አትመለሺም» አለች ኢክላስ። ከእሷ በቀር «ተይ» ያለ ሰው አልነበረም። ጓሮ ስትደርስ ተረኞቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና መንገድ ለቀቁላት። አንዷ ማማሰያውን እጇ ላይ አኖረችላት። እፎይ ማለታቸውን አየች።

እንዲህ ሆኖ ሦስቱ ቀን አለፈ። አንዱ በራድ ሲያልቅ ሌላ የመኪና ሰው ይደርሳል፤ ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከዳሪሙ የመጣ። ለራሷ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ከድንጋዩ አጠገብ አኖረች፤ በረደ፤ ደፋችው፤ እንደገና ቀዳች፤ ያም በረደ።

በሁለተኛው ቀን ከያዮ በጭቃ ሲለፋ የመጣ አንድ ሰው ድንኳኑ ዳር ተቀመጠ። አብደታ ይባላል፤ ማር ነጋዴ ነው፤ ማርቆስ ቤቱን የሠራለት። ትሪዋን ይዛ ስትደርስ ብርጭቆውን ተቀበላት፣ ሁለቴ ፉት አለ፣ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ የማርቆስ ባለቤት የትኛዋ ናት? አላውቃትም። ባጽናናት ብዬ ነበር።»

ትሪው ላይ አሥራ አንድ ብርጭቆ ነበር፤ ሁሉም ሙሉ። ከኋላው የተቀመጡት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ውስጥ ናት» አለችው።

ሰውየው አመስግኗት ገባ። ፍራሹ ላይ ያገኘው የማርቆስን እህት ጃለኔን ነበር፤ ከዳሪሙ የመጣችው። እሷን አጽናንቶ ሄደ።

ጃለኔ ሦስቱንም ቀን ከፍራሹ አልተነሳችም። አለቀሰች፣ ሰውም አለቀሰላት፤ መብቷ ነው። በሰልስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ሀረገወይን ጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ መጥታ ቆመችባት። ቦርሳዋን ይዛለች።

«ልሄድ ነው።»

«ትንሽ አትቆዪም? ገና እኮ ቁጭ ብለን አላወራንም።»

«መች ቁጭ አልሽ?» አለች ጃለኔ። «ሦስት ቀን አየሁሽ። ወንድሜ አፈር ለብሶ አንቺ ስኳር ስትለኪ። ማሎ፣ እባክሽ፣ አንዲት እንባ እንኳ? ዳሪሙ ስገባ እናቴ ‹ሚስቱስ እንዴት ሆነች› ስትለኝ ምን ልበላት? ‹ሻይዋ ጣፋጭ ነበር› ልበላት?»

ሀረገወይን መልሱን ከበር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ልትጀምር ይሆን? አረፋ የነካው እጇን ወደ ቀሚሷ ስትጠርግ ጃለኔ በሩን አልፋ ሄዳለች። ወሬው ግን አልሄደም። ሻይዋን ደጋግመው የጠጡት እነዚያው ሰዎች፣ «ልቧ ድንጋይ ነው» ሲሉ ኢክላስ ሱቋ በራፍ ላይ ሰማች። «ስንት ብርጭቆ ጠጥተህ ነው ድንጋይ መሆኑን ያወቅኸው?» ብላ አንዱን አባረረችው፤ ሌሎቹን ግን ማን ያባርራቸዋል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጎጆዋን ከፈተች። እድላዊት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተን ወር ቀርቷታል፤ ቤት ተቀምጦ መዋል አይቻልም። አስር ሰዓት ሲሆን በርጩማዋን አዞረች። ብርጭቆዋን አቀፈች፣ ፊቷን ወደ እንፋሎቱ አስጠጋች። የሸተታት ድንኳኑ ነው፤ እርጥብ ሸራና የሰው ብዛት። ላልቅስ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣላትም። ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ነው እንዴ የምታዝነው?» አለ። ማን እንደሆነ ዞራ አላየችም። ሻዩን አጥሩ ስር ደፍታ በርጩማዋን ወደ መንገዱ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ አዙራው አታውቅም። ሻይ ትሸጣለች፤ አትጠጣም።

በወሩ መጨረሻ እድሩ ተሰበሰበ። ከቀብሩ በኋላ እንደገና ተመልሶ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውልቃ ጋሼ ዲበኩሉ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ እንደማንም ተራዬን ውሃ እቀዳለሁ።»

ሰው አጉተመተመ። ጋሼ ዲበኩሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉትንም በክፋት አላሉትም።

«አየሽ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያሰኝሽ። እኛም እኮ ዝም ያልነው አውቀን ነው። ሰው ሥራ ሲይዝ ሐዘኑን ይረሳል ብለን።»

«ጋሼ፣ አልረሳሁትም። ጊዜ አልሰጣችሁኝም እንጂ።»

ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠና መላ ያገኘ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «ልጅቷስ? እድላዊት ከእናቷ ተምራለች፤ እጇም ያው ነው ይባላል። በእሷ ስም ብናደርገው?» አለ። አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ የተቃለለ መሰላቸው።

ሀረገወይን ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ስብሰባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀንም ከፍ አላደረገችም።

«እሷ ስሞት የምታለቅስልኝ ናት» አለች። «እሷን አልሰጣችሁም።»

ጋሼ ዲበኩሉ ቁልፉን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልሉ ቆዩ። ኢክላስ ከኋላ ብድግ ብላ፣ «ሁለት ሰው ይመደብ፣ ለሁለቱም ምትክ ይጻፍ፤ ይኸን ያህል ምን ያስቸግራል?» አለች። የሚቃወም አልተገኘም፤ እጅ ያወጣም አልተገኘም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተብሎ ተጻፈ። ሲወጡ አንዷ፣ «ባሏ ሲሞት ኮራች» ስትል ሰማቻት። ቁልፉን ይዛ የቀረችው፣ አዲስ ገቢ ስለሆነች እንቢ ማለት ያልቻለችው ዳናዊት ናት፤ የዓመት ልጅ ያላት፣ ከቡሬ ተድራ የመጣች።

ሰኔ ላይ እዚያው ሰፈር አንድ ሽማግሌ አረፉ። ሀረገወይን የተራዋን ውሃ ቀድታ ስትጨርስ፣ ከሰባት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሰው እያየ እንዳላየ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ዳናዊት ትሪ ይዛ ደረሰች። ልጁን አዝላዋለች፤ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶታል። ሻዩ ቀጥኗል።

«ተቀመጪ» አለቻት ሀረገወይን፣ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «ትንሽ እረፊ።»

ዳናዊት ሳቀች፤ የከፋ ነገር አላሰበችም። «እንዴ እትዬ፣ ማን ያቅርበው ታዲያ?»

ሀረገወይን ድንኳኑን ዞር ብላ አየችው። አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ እጁን አጣጥፎ፣ ተራውን እየጠበቀ። ጉልበታም ወንዶች ነበሩ፣ ሥራ ፈት ወጣቶች ነበሩ፣ ከጥዋት ጀምሮ ሦስት ብርጭቆ የጠጡ ነበሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳናዊት ትሪዋን ይዛ ወደሚቀጥለው አግዳሚ አለፈች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

ሀረገወይን ይህን ሁሉ የተናገረችው አዝኑልኝ ለማለት አይደለም፤ የማርቆስ ለቅሶ አንዴ አልፏል፤ ማንም አይመልስላትም። ይህን የምታነቡትን ግን አንድ ነገር ትለምናችኋለች። «ለቅሶ ቤት ስትሄዱ» ትላለች፣ «ሻይ ያመጣችላችሁን ሴት ‹ተቀመጪ› ብቻ አትበሏት፤ እኔም ብያታለሁ፣ ምንም አልጠቀማትም። ተነሱና ትሪውን ከእጇ ተቀበሏት። እናንተ አዙሩት። ምናልባት ሟቹ የእሷ ነው።»